ከቬጋስ ወጣ ስንል ያለው መሬት የማን ነው? አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ለምን ይከለከላል?

የጀበና_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ጥር ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ከከተማ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን የደረቀ የሐይቅ ሜዳ ላይ አደርን። ድንኳን ተከልን፣ ከሰል አያያዝን፣ ቡና አፈላን። የጠየቀን የለም፣ ያስከፈለንም የለም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ቬጋስ እንደምታውቁት እሳት ስትሆን ልጆቹን ይዘን ወደ ተራራው ወጣን። ቡናውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ጀበናውን ጥጄ፣ ከሰሉ ገና አመድ ሳይለብስ አንድ ሬንጀር (የቦታው ጠባቂ) መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ልጆቹን ሰላም ብሎ ነው የጀመረው። "በዚህ ወቅት እዚህ ከሰል ክልክል ነው፣ አሁኑኑ አጥፉት" አለን። የያዝነውን የመጠጥ ውኃ አፈሰስንበት። እሱ ጎንበስ ብሎ አመዱን በእንጨት እየቆሰቆሰ፣ በእጁ ጀርባ ሙቀቱን እየለካ ሦስት ጊዜ ጨምሩ አለን። ቡናው ሳይፈላ ወረድን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንዱ ቦታ በነፃ ታድራለህ፣ ሌላው ቦታ መኪና ሲገባ ያስከፍላሉ፣ ሌላው ቦታ ቀድመህ ሰዓት ካላስያዝክ አትገባም። በ80 ዶላር የገዛነው የዓመት መግቢያ ካርድ ሦስት ቦታ ሠርቶ አራተኛው ቦታ አልሠራም። መሬቱ ያው መሬት ነው፣ አጥር የለው። ሁሉም የፌዴራል መንግሥት ነው ይሉኛል። የፌዴራል ከሆነ ሕጉ ለምን አንድ አይሆንም? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ድንኳን_ተካይ

እኔም ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። እየተከታተልኩ ነው።

ቀያሹ

እህቴ፣ እኔ በቅየሳ ሥራ ላይ ነኝ። ይሄን ካርታ በየቀኑ ነው የማየው፣ ስለዚህ የቻልኩትን ልንገርሽ።

ስቴታችን ኔቫዳ በጠቅላላው 70 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነው (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል)። ከዚያ ውስጥ 56 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 80 በመቶ ገደማው፣ የፌዴራል መንግሥት ነው። በመቶኛ ከታየ ከሁሉም ስቴቶች አንደኛ ነው። ባለቤቱ አንድ ቢሆንም ግን መሬቱን የሚይዙት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም የተቋቋመበት ሕግና የተሰጠው ሥራ ይለያያል። ሬንጀሩ ሲያናግርሽ ከራሱ አንስቶ አይደለም፣ የቆማችሁበት መሬት የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አይቶ ነው።

ትልቁ ቢኤልኤም የሚሉት የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ኔቫዳ ውስጥ ብቻ 48 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ይዟል፣ ከስቴቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። ጥር ላይ ያደራችሁበት ሜዳ እርግጠኛ ነኝ የእሱ ነው። ሕጉ መሬቱን ለብዙ አገልግሎት አውል ይለዋል። ከብት ይግጥበታል፣ ወርቅ ይቆፈርበታል፣ የፀሐይ ኃይል ይተከልበታል፣ አንቺም ትሰፍሪበታለሽ። በአብዛኛው ቦታ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን በነፃ ማደር ይቻላል። እሳትም ቢሆን በብርድ ወራት ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ሙቀት ሲገባ ግን ቢኤልኤምም ይከለክላል። "ሜዳው ላይ ሁሌም ይቻላል" ብለሽ እንዳትሄጂ።

ተራራው ደግሞ የፎረስት ሰርቪስ፣ የደን መሥሪያ ቤቱ ነው። እሱ ያለው ግብርና ሚኒስቴር ሥር ነው፣ ሌሎቹ ግን አብዛኞቹ አገር ውስጥ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። በ1905 ደኑ ለግብርና የተሰጠው እንጨቱ እንደ ሰብል የሚለማና የሚሰበሰብ ሀብት ነው ከሚል አስተሳሰብ ነው። በተራራው ላይ ከሰል ለምን እንዲህ እንደሚያስደነግጣቸው ማወቅ ከፈለግሽ የ2013ቱን እሳት ጠይቂ። ጁላይ 1 ቀን መብረቅ ጀመረውና 28 ሺህ ኤከር ገደማ በላ። ያን ሰሞን ጭሱ ከከተማው መሀል ይታይ ነበር። ሰውየው በእጁ ጀርባ አመድ የለካው ለዚህ ነው።

ሜድ ሐይቅ የናሽናል ፓርክ መሥሪያ ቤት ነው። የእነሱ ዋና ሥራ መጠበቅ ነው፣ ለሚቀጥለው ትውልድ እንዳለ ማስተላለፍ። ስለዚህ ድሮን ማብረር የለም፣ ድንጋይ ማንሳት የለም፣ መግቢያም ያስከፍላሉ። ግድቡ ግን የእነሱ አይደለም። ሁቨር ግድብን የሚያስተዳድረውና ውኃውን የሚለቀው የሪክላሜሽን ቢሮ የሚባለው የግድብና የውኃ መሥሪያ ቤት ነው። ዓሣ ልታጠምጂ ካሰብሽ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። አንድ ሐይቅ ዳር ቆመሽ ሦስት መሥሪያ ቤት።

ካርዱ ያልሠራበት ቦታ የስቴት ፓርክ ይመስለኛል። ቫሊ ኦፍ ፋየር ለምሳሌ የኔቫዳ ስቴት ነው። ካርዱ ለፌዴራል ቦታዎች ነው የወጣው።

ሰሎሜ_ዘቬጋስ

ጋሼ ቀያሹ እግዜር ይስጥልኝ! ሬድ ሮክስ ታዲያ? እኔ ናሽናል ፓርክ ነው ብዬ ለእንግዳ ሁሉ ስናገር ነው የኖርኩት።

ቀያሹ

ሬድ ሮክ ቢኤልኤም ነው። ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1990 ኮንግረስ ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት አካባቢ ብሎ ለየው እንጂ ከቢኤልኤም እጅ አላወጣውም። 13 ማይል ባለው መንገድ ላይ መኪና ሲበዛ ጊዜ በፈረንጅ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ሰዓት ማስያዝ ግድ ሆነ። በዚያ ላይ ደግሞ ከጀርባው ያሉት ተራሮች "ዊልደርነስ"፣ ማለትም እንደ ተፈጥሯቸው የሚቆዩ ተብለው ተከልለዋል። እዚያ ሞተር ቀርቶ ብስክሌት እንኳ አይገባም። ይሄ ክልል የቢኤልኤምን እና የፎረስት ሰርቪስን ድንበር ተሻግሮ ነው የሚሄደው። ካርታ ላይ ሁለት ቀለም ላይ ሦስተኛ መስመር ደርቦ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ የተደራረበ ማየት ከፈለጋችሁ ከከተማ ወደ ሰሜን ሂዱ። ለቀንደ ትልልቅ የበረሃ በጎች ተብሎ በ1936 የተከለለ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፣ 1.6 ሚሊዮን ኤከር። ከአላስካ ውጭ ይሄን የሚያክል መጠለያ የለም። የሚያስተዳድረው የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። ምዕራባዊው ክፍሉ ግን ከአየር ኃይል ማሠልጠኛ ጋር ተደርቦ ነው ያለው። በጉ እዚያ ይኖራል፣ ቦምብ ጣይ ከላይ ይለማመዳል፣ እኛ አንገባም። ከዚያ አልፎ ከ1951 እስከ 1992 የኑክሌር ሙከራ ይደረግበት የነበረው መሬት አለ፣ እሱ ደግሞ የኢነርጂ ሚኒስቴር ነው።

ሌሊት_ሾፌር

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ነገር መንግሥት ይሄን ሁሉ መሬት ከየት አመጣው? ገዛው?

ቀያሹ

በ1848 ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው ውል ነው አሜሪካ አካባቢውን የያዘችው። ኔቫዳ በ1864 ስቴት ስትሆን ያልተያዘው መሬት ላይ የይገባኛል ጥያቄ እንደማታነሳ ተስማምታ ነው የገባችው። በሌላው አገር መሬቱ ቀስ በቀስ ለገበሬ ተሰጠ፣ 160 ኤከር እየተቆረሰ። እዚህ ግን ውኃ በሌለበት በረሃ 160 ኤከር ማን ይፈልጋል? ከብት እንኳ አያኖርም። ስለዚህ ሳይወሰድ ቀረ። የቀረውን የሚያስተዳድሩ ሁለት የቆዩ መሥሪያ ቤቶች በ1946 ተዋህደው ቢኤልኤም ተፈጠረ። በ1976 ደግሞ ኮንግረስ "ከእንግዲህ መሬቱ በመሠረቱ በመንግሥት እጅ ይቆያል" ብሎ ሕግ አወጣ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን ተሽጦ ያልቃል ተብሎ ነበር የሚታሰበው።

ሰሎሜ_ዘቬጋስ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ካልተባለ ታሪኩ ጎደሎ ነው። መሬቱ "ያልተያዘ" አልነበረም። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ፓዩቶችና ሾሾኔዎች ይኖሩበት ነበር። ምዕራባውያን ሾሾኔዎች በ1863 የተፈራረሙት ውል መሬታቸውን የሚያስረክብ አይደለም ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረዋል። መንግሥት 26 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ሲመድብ አንወስድም አሉ። መሬታችንን አልሸጥንም ነው መልሳቸው። ካርታው ላይ የቢኤልኤሙን ቢጫና የደኑን አረንጓዴ ስናይ ይሄንንም ብናስብ ደስ ይለኛል።

ቀያሹ

ትክክል ነሽ እህቴ። "ያልተያዘ" የሚለው የሕጉ ቃል ነው። እኔም ሳልለይ መጠቀም አልነበረብኝም።

ቤት_ፈላጊ

ወገኖች እኔ ግን በጣም ነው የምናደደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ስፈልግ፣ ዋጋው ሲያመልጠኝ፣ ቁጥሩን ሳይ ደሜ ይፈላል። 80 በመቶው ባዶ መሬት ተቀምጦ እኛ አንድ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ እንከራያለን። ለስቴቱ ይሰጥና ቤት ይሠራበት! ማን ነው በረሃ ላይ እንሽላሊት የሚጠብቀው?

ቀያሹ

ወንድሜ ምሬትህ ይገባኛል፣ እኔም ተከራይ ሆኜ ኖሬያለሁ። ግን ሁለት ነገር ልንገርህ።

አንደኛ፣ በቬጋስ ዙሪያ ያለው መሬት ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። በ1998 የወጣ ሕግ በሸለቆው ዙሪያ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ውስጥ ያለውን ቢኤልኤም በጨረታ እየሸጠ ነው፣ አንተ ዛሬ የምታያቸው ብዙ ሰፈሮች ከዚያ የተሸጡ ናቸው። ከሽያጩ 5 በመቶ ለስቴቱ ትምህርት፣ 10 በመቶ ለአካባቢው ውኃና ለመሳሰሉት ይሄዳል፣ 85 በመቶው ደግሞ እዚሁ ኔቫዳ ውስጥ ለፓርክ፣ ለእግር መንገድ፣ ለጥበቃ ነው የሚውለው። ቅዳሜ ልጆቻችን ኳስ ከሚጫወቱባቸው ሜዳዎች በዚህ ገንዘብ የተሠሩ አሉ። ነገር ግን ጨረታ ነው። ገንዘብ ያለው አልሚ ነው የሚያሸንፈው፣ አንተ ዘንድ ሲደርስ ዋጋው ያው ነው። ሕጉ ለአነስተኛ ገቢ ቤት መሬት በቅናሽ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እኔ ብትጠይቀኝ መጮህ ያለብን እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለስቴቱ ይሰጥ ላልከው፣ ኔቫዳ አንድ ጊዜ ተሰጥቷታል። ስቴት ስትሆን ከእያንዳንዱ ስድስት በስድስት ማይል ቁራሽ ውስጥ 16ኛውና 36ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት ተብሎ ተሰጥቷት ነበር፣ ወደ 3.9 ሚሊዮን ኤከር። አብዛኛው ደረቅ ተራራ ላይ ስለዋለ በ1880 "የፈለግነውን መርጠን 2 ሚሊዮን ይሰጠን" ብላ ተለዋወጠች። ውኃ ያለበትን እየመረጠች ለከብት አርቢዎች በርካሽ ሸጠችው። ዛሬ ከዚያ የቀራት በጥቂት ሺህ ኤከር የሚቆጠር ነው። ለትምህርት ቤት የተባለ መሬት! እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። መሬት አንዴ ከተሸጠ የምትመልሰው ነገር አይደለም።

ሬኖ_ነኝ

ከሰሜን በኩል ልግባ። ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ግን ስቴቶቹም ያለምክንያት አይደለም የሚያማርሩት። ከፌዴራል መሬት ግብር አይሰበሰብም። የገጠሩ ካውንቲ 90 በመቶው የፌዴራል ሲሆን ትምህርት ቤቱን፣ መንገዱን፣ አምቡላንሱን በምን ያንቀሳቅስ? ዋሺንግተን በግብሩ ምትክ ክፍያ ትልካለች፣ ሰዎቹ ግን አይበቃም ይላሉ። ኔቫዳ በ1979 የቢኤልኤም መሬት የእኔ ነው ብላ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳ ነበር፣ አልሆነም። ዩታ ደግሞ በ2024 በ18.5 ሚሊዮን ኤከር ጉዳይ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ አንሰማም ተባለች። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በሴኔት የመሬት ሽያጭ ሐሳብ መጥቶ አዳኙም፣ ተራራ ወጪውም፣ ከሁለቱም ፓርቲ ብዙ ሰው ተቃወመውና ሐሳቡ ቀረ። ጉዳዩ ገና አላለቀም።

ከእኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። በአይ-80 አውራ ጎዳና ስትነዱ ካርታውን ብታዩ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው። አንዱ ማይል የግል፣ ቀጣዩ ማይል የመንግሥት፣ እንደገና የግል። በ1860ዎቹ የባቡር ሐዲድ ለሚሠራው ኩባንያ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እስከ 20 ማይል ድረስ አንድ እየዘለሉ ሰጡት። እስከ ዛሬ ድረስ አንዱን የመንግሥት ቁራሽ ለመድረስ የግለሰብ መሬት መርገጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ።

ሌሊት_ሾፌር

የኛን አገር ሳስበው ነገሩ ተገልብጦ ታየኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፣ የሚያስተዳድሩት ግን ክልሎች ናቸው። እዚህ ደግሞ መሬት ይሸጣል ይለወጣል፣ ኔቫዳ ላይ ግን አብዛኛውን ፌዴራሉ ራሱ ይዞ ራሱ ያስተዳድራል።

ይሄን ካነሳን የደረሰብኝን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። ከአራት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ "20 ኤከር ኔቫዳ" የሚል ማስታወቂያ አይቼ ገዛሁ። ሦስት ሺህ ዶላር ከፈልኩ። ወረቀት ላኩልኝ፣ ማኅተም አለው፣ የካውንቲ ቁጥር አለው። ለእናቴ ደውዬ መሬት ገዛሁ አልኳት፣ እልል አለች። ልጄን ይዤ አራት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ቦታው ላይ አራት የእንጨት ምሰሶ ተተክሏል፣ አንዱ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታስሮ ውስጡ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። አንብቤ ስጨርስ ነው የገባኝ። የገዛሁት መሬት አልነበረም፣ ማዕድን የመቆፈር የይገባኛል መብት ነበር። ቤት ልሠራበት አልችልም፣ ልኖርበትም አልችልም። ሻጩ አንድም ቦታ ላይ "መሬት" የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አልጻፈም፣ ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነበር።

ቀያሹ

አይዞህ ወንድሜ። ይሄ በብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ሕጉ የ1872 ነው፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ የይገባኛል ቁራሽ ከ20 ኤከር ትንሽ ያልፋል፣ የሚሰጠው የማዕድኑን መብት ብቻ ነው፣ በየዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 1 ክፍያ ካልገባ ይወድቃል። ሰዎች፣ "መሬት" ስትገዙ መጀመሪያ የካውንቲውን አሰሰር ቢሮ (የንብረት ግብር ገማቹን) የፓርሰል ቁጥሩን፣ ማለትም የቦታውን መለያ ቁጥር ጠይቁ። ፓርሰል ቁጥር ከሌለውና የንብረት ግብር ካልተከፈለበት ብር አትክፈሉ።

የሁለት_ልጆች_አባት

የከብቱ ነገር አልተነሳም። እዚሁ ኔቫዳ ባንከርቪል ላይ በ2014 መሣሪያ የተያዘበት ግርግር የነበረው ስለዚሁ አይደል?

ቀያሹ

አዎ። ክላይቭን በንዲ የሚባለው አርቢ ከ1993 ጀምሮ የግጦሽ ክፍያ አልከፍልም፣ ፌዴራሉን እዚህ አላውቀውም አለ። ፍርድ ቤት ደጋግሞ ፈረደበት። በመጨረሻ የቢኤልኤም ሰዎች ከብቶቹን ሊሰበስቡ ሲመጡ ታጣቂ ተሰበሰበና ከብቶቹን መልሰው ለቀቁ። የወንጀል ክሱ ደግሞ በ2018 ዐቃብያነ ሕጉ ማስረጃ በመደበቃቸው ተዘጋ። ክፍያው ስንት ነው ብትሉ፣ በ2025 ለአንድ ላም ከነጥጃዋ በወር 1.35 ዶላር ነበር። በግል መሬት ቢሆን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይከፍላል። አብዛኛው አርቢ ግን ከፍሎ፣ በተፈቀደለት ቁጥርና ወር ብቻ አስገብቶ ነው የሚኖረው። እነሱን በአንድ ሰው መፈረጅ ልክ አይመስለኝም።

የሁለት_ልጆች_አባት

አመሰግናለሁ ጋሼ። የኔ ጥያቄ ትንሽ ናት። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የሄድንበት ሁሉ ድንጋይ ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እየተንኳኳ ነው የማገኘው። ወንጀል ነው?

ቀያሹ

የቢኤልኤም ተራ መሬት ላይ ለራስ የሚሆን ጥቂት ድንጋይ ይቻላል። ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት እንኳ በቀን 25 ፓውንድ ድረስ ይፈቀዳል። ናሽናል ፓርክ ውስጥ ግን ጠጠርም አይነሳም፣ ሬድ ሮክ ውስጥም እንደዚያው። የቀስት ጫፍ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ሰው የሠራው አሮጌ ነገር ደግሞ በየትኛውም የፌዴራል መሬት ላይ አይነካም። ልጅቷን ፎቶ አንሥታ እንድትመልሰው አስተምራት፣ ደስ ይላታል።

የጀበና_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም። ትናንት ማታ ስልኬ ላይ የመሬት ባለቤትነት ካርታ አወረድኩ። ቢጫው ቢኤልኤም፣ አረንጓዴው ደኑ፣ ወይን ጠጁ ናሽናል ፓርክ፣ ነጩ የግል፣ ሰማያዊው የስቴቱ። ወደ ተራራው ስንወጣ ቢጫው አልቆ አረንጓዴው የሚጀምርበትን ቦታ አገኘሁት። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ፣ ካላሰለቸሁዎት። ሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚቀጥለውን ጥምቀት ሐይቁ ዳር ማክበር ይፈልጋል። ታቦት ባይወጣም ዘማሪ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ሕዝብ አለ። ማንን ነው የምንጠይቀው?

ቀያሹ

ሜድ ሐይቅ ከሆነ ናሽናል ፓርኩን ነው፣ የልዩ ዝግጅት ፈቃድ የሚሰጥ ክፍል አላቸው። ወራት ቀደም ብላችሁ ጻፉ። የሰው ብዛት፣ የመኪና ብዛት፣ ድምፅ ማጉያ፣ ምግብ፣ መፀዳጃ ይጠይቋችኋል። ተራራው ላይ ብታስቡም 75 ሰውና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ፎረስት ሰርቪስ ፈቃድ ይፈልጋል። በነፃነት ማምለክ መብታችሁ ነው፣ ፈቃዱ ቦታውንና ጊዜውን ለማስተካከል ነው። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አይቸገርም።

የጀበና_ልጅ

እሺ ጋሼ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንት እንደምንሆን እንቆጥራለን፣ ሰኞ እጽፍላቸዋለሁ። ለሐምሌ ተራራ ደግሞ ማጥፊያ ቁልፍ ያለው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይፈቀዳል ብለውኛል። ጀበና የሚቆምበት ዓይነት ያገኘ ሰው ካለ የት እንደገዛው ይጻፍልኝ።